ሳሎኑ ለእንግዳ፣ ድምፁ ለማን?

«ሞንታርቦ» አማርኛ ከሆነ ሰነበተ። የሠርግ ድንኳን ጎን የሚቆመው፣ ሱቅ በር ላይ ሆኖ ቅናሽ የሚለፍፈው፣ ስብሰባ ላይ እያፏጨ ጆሮ የሚበሳው፣ የፈለገው ፋብሪካ ይሥራው፣ ሁሉም ሞንታርቦ ነው። ስሙ ግን የአንድ የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሁሉ ኦሞ እንደሚባለው ማለት ነው። ቃሉ ብቻውን አልገባም። ስፒከር ማለት ለብዙ ሰው፣ ከሩቅ፣ ጮክ ብሎ የሚናገር ዕቃ ነው የሚል እምነት ይዞ ገባ። ቤቱ ትልልቅ ስፒከር የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ዋት ነው?» ተብሎ የሆነውም ለዚህ ነው። «የት ይቀመጥ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። መልሱ ይታወቃላ! ቡፌው ጎን።

የሐበሻ ሳሎን የተደራጀው ለእንግዳ ነው። ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ክፍሉን ይከባል፣ መሃሉ ለቡናው ረከቦት ይተዋል፣ ፊት ለፊት ቡፌና ቴሌቪዥን ይቆማል። ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ያያል። ለጨዋታ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ የለም። ስፒከሮቹ ወደዚህ ክፍል የሚገቡት እንደ ቡፌው ዘበኞች ነው፤ አንዱ በግራ ጥግ፣ አንዱ በቀኝ ጥግ፣ አናታቸው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። አንዳንድ ቤትማ ዳንቴሉ ረዝሞ የፊታቸውን ግማሽ ይሸፍነዋል። ይታዩ እንጂ ይሰሙ ያለ የለም።

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከታቦር ተራራ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ጡረታ የወጡ አንድ የፊዚክስ መምህር አሉ። ሰፈሩ «ቲቸር» ይላቸዋል። አሜሪካ የሚኖር ታናሽ ወንድማቸው ቤት ሲቀይር፣ ቁመታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ስፒከሮችና አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ከሌላ ዕቃ ጋር በኮንቴይነር ላከላቸው። ስፒከሮቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ሰው ካልያዛቸው የማይነሱ ናቸው። ከባጃጅ ሲወርዱ ያየ ጎረቤት ሁሉ ሠርግ ያለ መስሎት ነበር።

መቼም ከአሜሪካ በመጣ ዕቃ ብዙ ሰው የሚቃጠልበት ነገር መብራቱ ነው። ስፒከሩ ራሱ ሶኬት ላይ አይሰካም፤ የሚሰካው አምፕሊፋየሩ ነው። አምፕሊፋየሩ ለ120 ቮልት ተሠርቶ ከሆነ የኢትዮጵያ 220 ቮልት በአንድ ሰከንድ ጭስ ያደርገዋል። ስንት ወንድምና እህት ለፍቶ የላከው ዕቃ በደረሰበት ቀን እንዲህ ሆኖ ቀርቷል! ቲቸር የጀርባውን ጽሑፍ በመነጽር አንብበው፣ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር አስገዝተው ነው የሰኩት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት ግን አሳዘናቸው። ድምፁ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የት እንዳለ አይታወቅም። ዘፋኙ በሁለቱ ጆሮ በኩል የሚያልፍ እንጂ ፊት ለፊት የሚዘፍን አይመስልም። ቤዙ ደግሞ ጠፍቷል። የተጠራ ጠጋኝ መጣና ሁለት ደቂቃ አዳምጦ «ውፈሮቹ አልቀዋል፣ መቀየር አለባቸው» አለ። ዋጋም ተናገረ።

ቲቸር ዋጋውን ሰምተው ዝም አሉ። ጠጋኙ ከሄደ በኋላ ከግድግዳ ሰዓቱ ላይ አንድ ባትሪ ድንጋይ አወጡ፤ ባለ 1.5 ቮልት። ከአምፕሊፋየሩ በኩል ገመዶቹን ነቅለው፣ ቀዩ ተርሚናል ላይ ይገባ የነበረውን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጋቲቩ ጋር ለቅጽበት ነካ አደረጓቸው። የአንዱ ስፒከር ውፈር ጠቅ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። የሌላው ወደ ውስጥ ገባ። ነገሩ በቃ ይኸው ነበር። የአንዱ ስፒከር ገመድ ተገልብጦ ታስሯል። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ዝቅተኛው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የዘፋኙም ድምፅ መሃል መቆሙን ይተዋል። ይህ ስህተት በስንት ቤት እንዳለ ቢቆጠር ሳያስደነግጥ አይቀርም። የሚታረመው በአንድ ዊንጭ ነው፣ ዊንጩም ካስፈለገ።

ገመዱ ሲስተካከል ጥላሁን ገሠሠን ከፈቱ። ለዚህ ሥራ አሮጌ የሞኖ ቅጂ የተሻለ ነው። ሞኖ ማለት በሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ነገር የሚወጣበት ስለሆነ፣ ስፒከሮቹ ከአድማጩ እኩል ከራቁ ድምፁ ከግራም ከቀኝም አይመጣም፤ ምንም ዕቃ ከሌለበት ከመሃል ይመጣል። የጥላሁን ድምፅ ቴሌቪዥኑ ላይ ቆመ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ሻይ ይዘው የገቡት ባለቤታቸው ቴሌቪዥኑን ሊያጠፉ ሪሞት ፈለጉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የስፒከር ታሪክ አይደለም፤ የክፍል ታሪክ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው የማያምነው ግን እውነት የሆነ ነገር አለ። ካሉት ስፒከሮች የተሻሉ ከመግዛት ይልቅ ያሉትን ግማሽ ሜትር ማንቀሳቀስ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። በዝቅተኛው ድምፅ በኩል ክፍሉ ራሱ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ነው።

ቲቸር ይህንን ለልጅ ልጃቸው ያስረዱት በወረቀት ላይ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። (ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ማለቷ ፍጥነቱን አይቀይረውም፤ የሚቀይረው ሙቀቱ ነው፤ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ጥያቄ ነው ይላሉ።) የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ስለዚህ ሞገዱ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። የቲቸር ሳሎን 4 ሜትር በ4 ሜትር ከ20 ነው። የሞገዱ ግማሽ ልክ ክፍሉ ውስጥ ይገባል፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል፤ በራሱ ላይ ይደራረባል። እንዲህ ሲሆን ድምፁ ግድግዳው ጋ ያብጣል፣ ክፍሉ መሃል ላይ ይጠፋል። ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው እብጠቱን ነው። ስፒከሩ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ሁለት ግድግዳና ወለል ተባብረው ያንኑ ድምፅ ያጎሉታል። በሌላ አነጋገር የሐበሻ ሳሎን ድምፁ የሚነሳበትንም የሚሰማበትንም ቦታ ቤዙ ወደሚያብጥበት ወስዶ አስቀምጦታል። «ስፒከሩ ቤዙ ይበዛል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሶፋው ነው የሚያወራው።

መድኃኒቱ ስፒከሮቹን ከጥግ ማውጣት፣ መቀመጫውንም ከግድግዳ ማራቅ ነው። ቲቸር ስፒከሮቹን ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 70 ሴንቲ ሜትር አወጧቸው፤ ከጎን ግድግዳዎቹም አራቋቸው። በሁለቱ መካከል 2 ሜትር ከ20 ተዉ። ከመቀመጫው ወደ እያንዳንዳቸው በሲባጎ ለኩ፤ ሲባጎው ከሜትር ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚፈለገው ቁጥሩ ሳይሆን እኩልነቱ ነው። ሦስቱ ነጥቦች እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሠሩ። ትዊተሮቹ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር አንድ ከፍታ ላይ ሆኑ፤ የረጅም ስፒከር ጥቅሙ አንዱ ይኸው ነው፣ ጠረጴዛ አይለምንም። መቀመጫው ከኋላ ካለው ግድግዳ 1 ሜትር ከ60 ላይ አረፈ፤ ከክፍሉ ርዝመት ከሲሶ ትንሽ በለጥ ይላል። ከእብጠቱም ከጉድለቱም የራቀ ጥሩ ቦታ ነው።

ችግሩ ያ ቦታ የረከቦቱ ቦታ መሆኑ ነው።

«ታዲያ ቡናውን የት ላፍላው? ቆርቆሮው ላይ?» አሉ ባለቤታቸው።

ይህ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሳሎኑ የሳቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎረቤት የተቀበሉበት፣ ልጅ የዳሩበት፣ ለቅሶ የተቀመጡበት ክፍል ነው። ስፒከር ወለሉ መሃል ቆሞ፣ ገመድ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ እንግዳ ቢገባ «ይሄ ቤት ነው ወይስ የሠርግ ድንኳን?» ቢል ማን ይመልስለታል? የድምፅ ወዳጆች ይህን ዓይነቱን ተቃውሞ እንደ አለማወቅ ይቆጥሩታል፤ ስህተታቸው ነው። የሳሎኑ ሥርዓት ራሱ አንድ ጥሩ ነገር እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለት ጥሩ ነገሮች አንድ ቦታ ሲፈልጉ ክርክር መነሳቱ ተገቢ ነው።

የተስማሙበት ነገር ቀላል ነው። ስፒከሮቹ ቀን ቀን ግድግዳቸው ጋ ይቆማሉ። ማታ ቡናው ከተነሳ በኋላ ይወጣሉ። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ከሥራቸው የምንጣፍ ቁራጭ ፀጉሩ ወደ ታች ተገልብጦ ገብቶላቸዋል፤ አንድ ሰው ብቻውን ይገፋቸዋል። የሚቆሙበት ቦታ በነጭ ፕላስተር ምልክት ተደርጎበታል። መጀመሪያ ከሥራቸው ሾጣጣ ብረት እግር ነበራቸው፤ ሴራሚኩን እንዳይፈነክት ባለ 1 ብር ሳንቲም ሥሩ ይደረግ ነበር፤ መገፋት ሲመጣ እግሩ ወለቀ። በዚህ የጠፋ ድምፅ ካለ ማንም አልሰማውም።

ሌላው ወጪ ትንሽ ነው። ገመዱ ከመብራት ዕቃ መሸጫ የተገዛ ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ነው። ለ5 ሜትር ርቀት ሄዶ መመለሱ ተደምሮ ወደ 0.07 ኦም ቢሆን ነው፤ 8 ኦም ለሆነ ስፒከር እዚህ ግባ አይባልም። ከዚህ በላይ ለገመድ የሚከፈል ገንዘብ ለጌጥ የሚከፈል ነው። የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ መለጠፍም እንዲሁ ነው። ድምፅ ይውጣል እየተባለ ስንት ትናንሽ ስቱዲዮ በሱ ተሸፍኗል፤ ቤዙን ግን አይነካውም፣ እሳት ከመጣ ደግሞ ማገዶ ነው። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሲያጨበጭቡበት «ጥርርር» የሚል ከሆነ ሴራሚክና ባዶ ግድግዳ እየተወራወሩት ነው። ወፍራም መጋረጃና በስፒከሮቹና በመቀመጫው መካከል የሚነጠፍ ምንጣፍ ብዙውን ይፈታዋል። በጎን ግድግዳ ላይ ደግሞ ሰው መስታወት ይዞ ቀስ እያለ ያንሸራትታል፤ የተቀመጠው ሰው ትዊተሩን በመስታወቱ ውስጥ ያየበት ቦታ ድምፁ ተንጸባርቆ የሚመጣበት ነው። ቲቸር ቤት እዚያ ቦታ ላይ የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ። በሌላው ጎን መስኮት ነው፤ ማታ ማታ አንድ ጋቢ ይሰቀልበታል። ቀን እንዳይሰቀል ተከልክሏል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለምን? ለሚለው መልሱ ሙዚቃው ውስጥ ነው።

የዛሬ አድማጭ የአገሩን አሮጌ ሙዚቃ የሚያውቀው በስልክ ነው። የስልክ ስፒከር ደግሞ የጣት ጥፍር ታህል፤ የቤዝ ጊታርን ታችኛ ድምፅ ማውጣት አትችልም። ጆሮ ከላይኛው ጥላ ተነስቶ ይገምተዋል እንጂ አይሰማውም። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሪከርድስ ሲወጣ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ ቤዙን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩን ሰላም ስዩም። ይኸው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 ራስ ሆቴል ውስጥ የቀዳው የመሣሪያ ሙዚቃ ርዕሱ ራሱ «ስቴሪዮ» የሚል ቃል ይዟል። ስቴሪዮነቱ ርዕስ ላይ የሚጻፍ ነገር ነበር ማለት ነው። ሙዚቀኞቹ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ብለው ያሰቡትን ዛሬ ሰው አንድ ነጥብ ከሆነች ቀዳዳ ይሰማዋል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ጀምሮ ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን ሲያሳትም አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረም፤ ውጭ እያሳተመ ነበር የሚያስገባው። ያን ያህል ተለፍቶበት የመጣ ድምፅ ግማሹ ሳይሰማ መቅረቱ ያስቆጫል።

ጥሩ ስፒከር ግን ምሕረት የለውም። ካሴት ከካሴት፣ ያም ከሌላ ካሴት ተገልብጦ ኢንተርኔት ላይ የተጫነ ቅጂ ላይ ሹክሹክታውን፣ የተዳከመውን ትዊተር ክፍል፣ አንዳንዴም ግራና ቀኙ መቀያየሩን ያጋልጣል። ቲቸር የሚወዱት አንድ ዘፈን በስልክ ደህና ነበር፤ በነዚህ ላይ ከሰሙት በኋላ ከፍተውት አያውቁም።

በገና ግን ሌላ ነገር ሆነ። ባለቤታቸው አንድ ማታ ወንበሩ ላይ ራሳቸው ተቀመጡና «እስቲ የዓለሙ አጋን» አሉ። የበገና አሥር ክሮች ድልድዩ ላይ ሲያርፉ ከሥራቸው እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል፤ ያ የሚያዛው፣ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ከሱ ነው የሚመጣው። በስልክ ንብ ነው የሚመስለው። እዚያ ወንበር ላይ ግን እያንዳንዱ ክር ሲያዛ፣ ሲከስም፣ የደርዳሪው ጣት ወደ ቀጣዩ ሲሄድ ይለያል። ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወደ መስኮቱ አዘንብሏል።»

ቲቸር አልተሰማቸውም። ሲባጎውን አወጡና ለኩ፤ ልክ ነው። እንደገና ከፈቱት፤ ለሳቸው መሃል ነው። ባለቤታቸው አሁንም «ወደ መስኮቱ» አሉ። የልጅ ልጃቸውም ተቀምጦ ሰማና «አዎ፣ እማማ ልክ ናቸው» አለ። ጋቢው ያን ቀን አልተሰቀለም ነበር። ባዶ መስታወቱ ላይኛውን ድምፅ እየመለሰ ወደ ራሱ ይስበው ነበር።

በማግስቱ ልጁ ስልኩ ላይ ቀጭን ፉጨት የሚያወጣ አፕ ጫነ። ድምፁን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረገ አያቱን «ይሰማዎታል?» ይላቸዋል። ስምንት ሺህ ሄርዝ ላይ ሲደርስ «አጠፋኸው እንዴ?» አሉት። አላጠፋውም ነበር። አያቱ እማማ ኩሽና በር ላይ ቆመው «ኧረ ጆሮዬን!» እያሉ ነበር። ልጁ ለራሱ አሥራ ስድስት ሺህ ድረስ ሰማው። ዕድሜ ከላይ ጀምሮ ነው የሚቆርጠው፤ ወንዶች ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይፈጥናል። ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የድምፅ ሞገድ የሣሉ ሰው ይህን ያውቃሉ፤ ማወቅና በራስ ጆሮ ማጣት ግን ይለያያል። ያን ቀን ስፒከሮቹን አልገፏቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ተከፋፍሏል። ቤዙንና ልኬቱን ቲቸር፣ የላይኛውን ድምፅ ባለቤታቸው። ስፒከሮቹ መጀመሪያ ወደ ወንበሩ በደንብ ዞረው ነበር፤ ለቲቸር ጆሮ ጥርት ይል የነበረው ለሳቸው ግን «ሰ» እና «ሸ» ላይ ይወጋ ነበር። ትንሽ ወደ ውጭ ዞሩ፤ የትዊተሮቹ መስመር ከሁለቱ ትከሻዎች ትንሽ አለፍ እንዲል ተደረገ። የማሲንቆ ሸካራነት ቀረ፣ መውጋቱ ሄደ። ፕላስተሩም አዲስ ተለጠፈ፤ በዚህኛው ላይ የባለቤታቸው እጅ ጽሑፍ አለበት፦ «እዚህ»።

ጎረቤትስ? ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ከወዲያ ተከራይ አለ። ብሎኬት የሰው ወሬ ያስቀራል፣ ቤዝ ግን አያስቀርም። ስፒከሮቹ ከግድግዳ ከራቁና አድማጩ ከተጠጋ ወዲህ ግን ድምፁ ዝቅ ብሎም ስለሚበቃ፣ ቁልፉ ከድሮው ግማሽ እንኳ አይዞርም። ተከራዩ አንድ ቀን «ስፒከሮቹን ሸጧቸው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ደግሞ ጭራሽ አይከፈቱም። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታም እንዲሁ፤ ከሐይቁ ማዶ ደመናው ሲጠቁር ቲቸር ማብሪያ ማጥፊያውን ቀድመው ያጠፋሉ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚሠራውን ስለሚያውቁ ዲቫይደሩንም ይነቅላሉ።

አንድ ነገር አሁንም አልተፈታም። ክፍሉ ካሬ ለመሆን 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የጎደለው። በርዝመቱ የሚደራረበው ድምፅና በወርዱ የሚደራረበው ተቀራራቢ ናቸው፤ አንዱ 41፣ አንዱ 43 ሄርዝ። አንዳንድ ዘፈን ላይ ቤዙ እዚያ ኖታ ላይ ሲደርስ ቡፌው ውስጥ ያሉት ስኒዎች ይንጫጫሉ። ቲቸር በመላ ሊፈቱት ብዙ ሞክረዋል። ስፒከሮቹን ሌላ 10 ሴንቲ ሜትር ቢያወጧቸው ይቀንሳል፤ ያኔ ግን በሩ አይከፈትም። ባለቤታቸው ስኒዎቹ ሥር ፎጣ አንጥፈዋል።